ከሽቦ ወደ ባትሪ፡- የብስክሌት ማርሽ ገበያ ለነጋዴ የሚያስተምረው

ብስክሌት ገዥ አስቀድሞ የሚያየው በብስክሌቱ አካል ላይ በትልቁ የተጻፈውን ስም ነው። ጃይንት፣ ትሬክ ወይም ስፔሻላይዝድ ይላል። ይሁን እንጂ እነዚህ ስመ ጥር ኩባንያዎች ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱንና ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክራንክ በአብዛኛው ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከሌላ ይገዛሉ። ሻጮቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለውድድር በሚውሉት ውድ ብስክሌቶች ላይ ገበያውን ይዘው የኖሩት የጃፓኑ ሺማኖ፣ የአሜሪካው ስራምና የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ናቸው።

ሦስቱ ባለፉት 40 ዓመታት ያደረጉት ፉክክር፣ በተለይም ማርሽ በሽቦ ከመጎተት ወጥቶ በባትሪና በትንሽ ሞተር ወደ መቀየር የተሸጋገረበት ሂደት፣ ብስክሌት ለማይነግድ ሰውም ትምህርት አለው። የፈጠራ መብት ዘመኑ ሲያልፍ ምን እንደሚከተል፣ በጥቅል መሸጥ ምን ጉልበት እንደሚሰጥ፣ ቀዳሚ መሆን መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ፣ ትእዛዝ ከልክ ሲያልፍም በመጋዘን ምን እንደሚደርስ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተፎካካሪዎቹ እነማን ናቸው?

ካምፓኞሎ በ1933 በሰሜን ጣሊያን ቪቼንዛ ከተማ የተቋቋመ የቤተሰብ ድርጅት ነው። መሥራቹ ቱሊዮ ካምፓኞሎ ራሱ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። በ1920ዎቹ በተራራ ላይ ሲወዳደር ጣቱ በብርድ ደንዝዞ የጎማውን ማሰሪያ መፍታት ስላቃተው፣ ጎማ በአንድ እጀታ ቶሎ የሚፈታበትን ዘዴ ለመፈልሰፍ ተነሣ ይባላል። ድርጅቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለብዙ ዓመታት የባለሙያ ተወዳዳሪዎች የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ ቆይቷል።

ሺማኖ ከእሱ በዕድሜ ይበልጣል። ሾዛቡሮ ሺማኖ በ1921 ሳካይ በተባለችው የጃፓን ከተማ የብረታ ብረት ሥራውን ሲከፍት፣ የመጀመሪያ ምርቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፔዳል ሳይመታ ጎማው ወደፊት እንዲሽከረከር የሚያስችለው የኋላ ጥርስ ነው። ሳካይ በቢላዋ ሥራ የታወቀች፣ ብረት የሚያውቁ እጆች የሞሉባት ከተማ ነበረች። ሺማኖ ዛሬ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ፣ ከብስክሌት ዕቃ ሌላ የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያም የሚያመርት ግዙፍ ኩባንያ ነው።

ስራም የሦስቱ ታናሽ ነው። በ1987 በቺካጎ የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙ ከመሥራቾቹ ስሞች ማለትም ከስኮት፣ ከሬይና ከሳም ተቀናጅቶ የወጣ ነው። የያዘውም አንድ ዕቃ ነበር፤ የመሪውን እጀታ በመጠምዘዝ ማርሽ የሚቀይር ግሪፕ ሺፍት የተባለ መሣሪያ።

መብቱ ሲያልቅ ገበያው አለቀ

ከሦስቱ በፊት አራተኛ ነበረ። ሰንቱር በሚል ስም ይሸጥ የነበረው የጃፓኑ ማዬዳ ኩባንያ በ1964 ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋውን የኋላ ማርሽ ቀያሪ በሰያፍ አቅጣጫ እንዲንቀሳቀስ አደረገው። ቀያሪው የጥርሶቹን ቁልቁለት ተከትሎ ስለሚሄድ የማርሹ አቀያየር ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ የተሻለ ሆነ። የፈጠራው መብትም በእጁ ስለነበር ሌላው ሊቀዳው አልቻለም።

መብቱ ግን በ1984 አለቀ። በዚያው ዓመት ሺማኖ ይህንኑ የሰያፍ አሠራር ወስዶ ከራሱ አዲስ ፈጠራ ጋር አጣመረው። እጀታው በተነካ ቁጥር “ቀጭ” ብሎ ማርሹን በልኩ የሚያስቀምጥ ዘዴ ነበር። ከዚያ በፊት ጋላቢው ትክክለኛውን ቦታ በጆሮውና በእጁ መፈለግ ነበረበት። ሰንቱር ለዚህ ፈጥኖ ብቁ መልስ ሊሰጥ አልቻለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የማርሽ ገበያውን ለቅቆ ወጣ፤ ስሙ ብቻ ዛሬ በታይዋን በሚገኝ ድርጅት ላይ ቀርቷል።

ከዚህ የምንገነዘበው፣ ሕግ የሚሰጠው ከለላ የተወሰነ ዘመን እንዳለውና ያ ዘመን የዕረፍት ሳይሆን የዝግጅት ጊዜ መሆን እንዳለበት ነው። ሰንቱር 20 ዓመት ተሰጥቶት ነበር። የተጠቀመበት ሺማኖ ነው።

ድር ቢያብር

የሺማኖ አዲሱ ማርሽ “ቀጭ” እንዲል እጀታው፣ ሽቦው፣ ማርሽ ቀያሪው፣ ሰንሰለቱና የኋላ ጥርሶቹ ሁሉ በልክ የተስማሙ መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ ሺማኖ ዕቃዎቹን በተናጠል ሳይሆን በጥቅል እንዲገዙ ማሳመን ቀለለው። ሙሉውን ጥቅል ለሚወስዱ የብስክሌት ፋብሪካዎችም ቅናሽ ያደርግ ነበር።

የጥቅል ቅናሽ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት ቀለል ያለ የምሳሌ ሒሳብ እንሥራ። ጥቅሉ 200 ዶላር ቢሆንና ሙሉውን ለሚወስድ 10 በመቶ ቢቀነስ፣ ፋብሪካው 180 ይከፍላል። ከጥቅሉ ውስጥ 30 ዶላር የሚያወጣውን የማርሽ እጀታ ትቶ ከሌላ ሻጭ በ20 ዶላር ቢገዛስ? ቅናሹን ስለሚያጣ ለቀሪው ዕቃ 170 ይከፍላል፤ 20 ሲጨመር 190 ይሆናል። በሦስተኛ እጅ የረከሰ ዕቃ ገዝቶ 10 ዶላር ከሰረ ማለት ነው። ተፎካካሪው ፋብሪካውን ለመሳብ የ30 ዶላሩን ዕቃ ከ10 ዶላር በታች መሸጥ ይኖርበታል።

አንድ ዕቃ ብቻ ይዞ የገባው ስራም የገጠመው ግድግዳ ይኸው ነበር። በ1990 ሺማኖን ፍትሐዊ ባልሆነ የንግድ አሠራር ከሰሰው። ጉዳዩ በቀጣዩ ዓመት ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ግሪፕ ሺፍት በተራራ ብስክሌቶች ላይ በብዛት መታየት ጀመረ።

ይሁንና ስራም በክሱ ብቻ አልረካም። ጥቅልን የሚያሸንፈው ጥቅል መሆኑን ስለተረዳ ዕቃ የሚያሟሉለትን ድርጅቶች መግዛት ጀመረ። በ1997 የጀርመኑን የሳክስን የብስክሌት ክፍል፣ በ2002 ሮክሾክስን፣ በ2004 አቪድንና ትሩቫቲቭን፣ በ2007 ዚፕን የራሱ አደረገ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ባለ አንድ ዕቃው ድርጅት በ20 ዓመት ውስጥ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ክራንክ፣ የፊት ሹካና ጎማ አንድ ላይ የሚያቀርብ ሆነ። በ2011 አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ማመልከቻ ቢያስገባም ሳይሸጥ ቀርቶ እስካሁን የግል ኩባንያ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንለፍ። በተለመደው ማርሽ ጋላቢው እጀታውን ሲጫን ቀጭን የብረት ሽቦ ይሳባል፤ ሽቦውም ማርሽ ቀያሪውን ይጎትታል። ሽቦ ግን ይለጠጣል፣ ይዝጋል፣ ጭቃም ይገባበታል። ስለዚህ በየጊዜው ማስተካከል ያስፈልጋል። በኤሌክትሪኩ ግን እጀታው ቁልፍ ብቻ ነው። ትእዛዝ ይልካል፤ ቀያሪው ላይ ያለው ሞተር በተለካ መጠን ይንቀሳቀሳል። ሺኛውም ቅየራ እንደ መጀመሪያው ነው።

ይህን ለገበያ ያቀረበው ቀዳሚ ግን ከሦስቱ አንዱም አይደለም። የፈረንሳዩ ማቪክ ዛፕ የተባለውን ምርት በ1990ዎቹ መጀመሪያ አወጣ። በ1999 ደግሞ ሜክትሮኒክ የሚባል፣ ትእዛዙ ያለ ሽቦ የሚተላለፍ ማርሽ አቀረበ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ ምርቱ ግን እምነት የሚጣልበት አልሆነም። ውሃ የሚያስቸግረው የውድድር ማርሽ ደግሞ ዝናብ በበዛበት በአውሮፓ መንገድ ገዥ አያቆይም። ማቪክ ሥራውን ተወው።

ሺማኖ በበኩሉ ጠበቀ። በላይኛው ደረጃ ምርቱ በዱራ-ኤስ ላይ ዲ-አይ-ቱ የተሰኘውን ኤሌክትሪክ ማርሽ ለገበያ ያቀረበው በ2009 ነው፤ ዛፕ ከወጣ ከ15 ዓመታት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ባትሪው ተሻሽሎ፣ ውሃ መከላከያው ተፈትኖ ነበር። ካምፓኞሎ ለዓመታት ሲሞክር የቆየውን ኢ-ፒ-ኤስ ያወጣው በ2011 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት አውስትራሊያዊው ካደል ኢቫንስ ዲ-አይ-ቱ በተገጠመለት ብስክሌት ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ገዥው “ይሠራል ወይ?” ብሎ መጠየቁን ያቆመው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሽቦ አልባው ማርሽ

ስራም ከሁሉም ዘግይቶ በ2015 ኢ-ታፕን ይዞ መጣ። ሆኖም ተፎካካሪዎቹን አልቀዳም። የእነሱ ኤሌክትሪክ ማርሽ በአንድ ባትሪና ከእሱ በሚነሡ ገመዶች ይሠራ ነበር። ስራም ግን ገመዱን ጨርሶ አስወገደው። በፊትና በኋላ ቀያሪ ላይ ተነቃይ ባትሪ አደረገ፤ እጀታዎቹም በእጅ ሰዓት ዓይነት ጠፍጣፋ ባትሪ እየሠሩ ትእዛዙን በሬዲዮ ይልካሉ። አቀያየሩም ቀላል ነው፤ የቀኙ እጀታ ያከብዳል፣ የግራው ያቀላል፣ ሁለቱ አብረው ሲነኩ የፊቱ ማርሽ ይቀየራል።

ይህ ለጋላቢው ምቾት ነው፤ ለፋብሪካው ግን ገንዘብ ነው። ሽቦና ገመድ በብስክሌቱ ብረት ውስጥ ማሳለፍ ጊዜ የሚፈጅ የእጅ ሥራ ነው። ገመድ የሌለው ማርሽ በብሎን ይታሰራል፣ ከእጀታው ጋር ይተዋወቃል፣ በቃ። ስራም ምርቱን የሸጠው ለሚጋልበው ብቻ ሳይሆን ለሚገጣጥመውም ጭምር ነው።

ተፎካካሪዎቹም ወደዚያው አመሩ። ሺማኖ በ2021 እጀታዎቹን ከገመድ ነፃ አደረገ፤ ቀያሪዎቹ ግን አሁንም ከአንድ ባትሪ ጋር በገመድ የተገናኙ ነበሩ። በ2025 በተራራ ብስክሌት ምርቱ በኤክስ-ቲ-አር ላይ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ተወው። ካምፓኞሎ በ2023 ሽቦ አልባውን ሱፐር ሪከርድ ሲያወጣ ዋጋው ከ5,000 ዩሮ በላይ ነበር። ለዓመታት መለያው የነበረውን የአውራ ጣት ቁልፍ በማንሣቱም ነባር ደንበኞቹ ቅር ተሰኝተዋል።

ቴክኖሎጂውም ወደ መካከለኛው ገዥ ወረደ። ስራም በ2021 ራይቫል በሚለው ደረጃ፣ ሺማኖ በ2022 105 በሚባለው ደረጃ ኤሌክትሪክ ማርሽ አቀረቡ። ካምፓኞሎ ግን ከውዱ ዕቃ ብዙም አልራቀም። በ2020ና በ2021 ታዴ ፖጋቻር ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ ዕቃው የካምፓኞሎ ነበር፤ ቡድኑ በ2023 ወደ ሺማኖ ዞረ። በ2024 በከፍተኛው ደረጃ ከሚወዳደሩት ቡድኖች አንዱም ካምፓኞሎ አልተጠቀመም። ዝና ብቻውን ገበያ አያቆይም።

መጥኖ መደቆስ

ኤሌክትሪኩ ግን ለመለዋወጫ ነጋዴ የራሱ ወጥመድ አለው። የ2009ኙ ዲ-አይ-ቱ ገመድና የ2011ዱ አልቴግራ ዲ-አይ-ቱ እርስ በርስ አይገጥሙም። የስራም የ2015 ባለ 11 ጥርስ ኢ-ታፕም በ2019 ከተተካው ባለ 12 ጥርስ ጋር አይሠራም፤ ባትሪው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የሽቦ ማርሽ መለዋወጫ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም ገዥ አያጣም። ኤሌክትሪኩ ግን ሞዴል በተቀየረ ቁጥር ያረጃል። ከዚህም ሌላ በ2024 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሺማኖን የማርሽ ትእዛዝ ከሬዲዮ ቀድተው መልሰው በመላክ የሌላን ሰው ማርሽ ሊቀይሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ኩባንያውም መከላከያ አዘጋጅቷል። ማርሽ ሻጭ ከእንግዲህ እንደ ኮምፒውተር ሻጭ ስለ ሶፍትዌርም ይጠየቃል።

ትልቁ ጉዳት ግን ከቴክኖሎጂው አልመጣም። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የብስክሌት ፍላጎት በድንገት ጨመረ፤ ዕቃ ጠፋ። አከፋፋዩም ፋብሪካውም እንዳያልቅበት ከሚፈልገው በላይ አዘዘ። ዕቃው በመጨረሻ ሲደርስ ገዥው ወደ ቀድሞ ኑሮው ተመልሶ ነበር። የሺማኖ ሽያጭ፣ የዓሣ ማጥመጃውን ጨምሮ፣ በ2022 ከ620 ቢሊዮን የን በላይ ደርሶ በ2023 ከ480 ቢሊዮን በታች ወረደ። በአንድ ዓመት ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም በ2012ና በ2019 መካከል ካመረታቸው ክራንኮች ውስጥ 2.8 ሚሊዮን የሚሆኑት የተጣበቁበት ሊላቀቅ ስለሚችል እንዲመረመሩ ጠራ። ይህ ዕቃ ሞተርም ባትሪም የለው፤ የተለመደው ብረት ነው።

ለነጋዴ የሚቀረው ትምህርት

አንደኛ፣ አንድ ዕቃ ይዞ ወደ ጥቅል ገበያ የሚገባ ሰው ዋጋውን ከተፎካካሪው ዕቃ ጋር ብቻ ሳይሆን ደንበኛው ከሚያጣው ቅናሽ ጋርም ያስላ። ሁለተኛ፣ ብቸኛ ወኪልነት ወይም የፈጠራ መብት ያለው ሰው የሚያበቃበትን ቀን አስቀድሞ ይወቅ። ሦስተኛ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ቀዳሚው ከተሰናከለ ሐሳቡ መጥፎ ነው ብሎ አይደምድም፤ ማቪክ የተወውን ሺማኖና ስራም ነግደውበታል። አራተኛ፣ ቶሎ ሞዴል የሚቀያየር ዕቃ በብዛት አይከማች፤ ከመግዛቱ በፊት የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም በጽሑፍ ይጠየቅ። አምስተኛ፣ ዕቃ በጠፋበት ወቅት የሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ እውነተኛ ፍላጎት አይደለም፤ ሦስት አከፋፋዮች ያንኑ አንድ ገዥ ቆጥረው ሊያዙ ይችላሉ።

የሽቦ ማርሽም አልሞተም። ሺማኖ ዱራ-ኤስን ለኤሌክትሪክ ብቻ ቢተወውም፣ በ2023 ኪዩስ የተባለውንና በሽቦ የሚሠራውን ጥቅል ለርካሹ ገበያ አውጥቷል፤ ዓላማውም ቀድሞ የማይገጣጠሙ የነበሩትን ዝቅተኛ ደረጃዎች በአንድ ልክ ማገናኘት ነው። ባትሪ መሙያ በሌለበት መንገድ ለሚጓዝና ገንዘቡን ለሚቆጥብ ገዥ ሽቦው ገና ብዙ ዓመት ይሸጣል። ማንኛውን ለማን እንደሚያቀርብ ለይቶ ያወቀ ነጋዴ በሁለቱም ያተርፋል።