ከአፍ ወደ ጣት፦ የዶሜይን ስም መልካ ጀብዱ ላይ ገንዘብ የሚያመጣበት መንገድ

ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ ላይ፣ መንገድ ዳር ሻይ ስጠጣ፣ አንድ የተሳቢ ረዳት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲጮህ ሰማሁ። የኋላ ጎማቸው ፈንድቷል፤ ጎሚስታ ይፈልጋል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ስም ይነግረዋል፣ እሱ ይደግመዋል፣ ሰውየው ያርመዋል፣ እሱ ደግሞ ይደግመዋል። በመጨረሻ ስልኩን ዘጋና ሻይ ቤቷ ደጃፍ የቆመውን የባጃጅ ሹፌር ጠየቀ።

የዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ ስም፣ ንግድ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው። በአፍ የተነገረ ስም ሳይበላሽ ጣት ላይ ከደረሰ ያ ስም ዋጋ አለው። መንገድ ላይ ከተበላሸ ዋጋ የለውም።

ሰው ጉግልን ሳይጠይቅ፣ ማንም የላከለትን ሊንክ ሳይነካ፣ የድረ ገጹን ስም ራሱ አድራሻ ማስገቢያው ላይ ጽፎ ሲመጣ በቀጥታ የመጣ እንግዳ ይባላል። በዚህ ብቻ የከበሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ማርቼክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኔም ዴቨሎፕመንት የተባለ የዶሜይን ባለቤትን በ164 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። የተገዛው ሕንፃ ወይም ፋብሪካ አልነበረም፤ ሰዎች እየገመቱ የሚጽፏቸው እጅግ ብዙ ስሞች ነበሩ። ወደ እኛው አህጉር ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ካሜሩን ዶት ሲኤም በተባለው የአገሯ ዶሜይን መጨረሻ ላይ ያልተመዘገበ ስም የሚጽፍ ሁሉ ወደ ማስታወቂያ ገጽ እንዲወሰድ አደረገች። ዶት ኮም ሲጽፍ ኦ ፊደል ያመለጠው የዓለም ሰው ሁሉ ካሜሩን ደጃፍ ላይ ይወድቅ ነበር።

ያ ዘመን አልፏል። አድራሻ ማስገቢያው የፍለጋ ሳጥን ሆኗል። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 የማስታወቂያ ደንበኞቹ ማስታወቂያ ባዶ በተቀመጡ ዶሜይኖች ላይ እንዳይወጣ፣ ደንበኛው ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር፣ አድርጓል። ስለዚህ «መቶ ስም ገዝተህ ፓርክ አድርግና ተኝተህ ብላ» የሚላችሁን አትስሙ። ለእኛ የቀረው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግን አለ። አካባቢንና ሥራን አንድ ላይ የያዘ፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራው ስም ይዞ መገኘት ነው።

ደረጃ 1፦ ስሙን ከሰው አፍ ልቀሙ

ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ ስም አታስቡ። ውጡና አዳምጡ። ድሬዳዋ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ነገር አየች። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተመረቀ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎቱን ለደንበኛ የጀመረው ከየትኛውም ከተማ በፊት እዚሁ ነው። መልካ ጀብዱ በኩል የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ጭነት ይመጣል፣ ጭነት ይሄዳል። ከዚያ ጋር የሚመጡት ቃላት እነዚህ ናቸው፦ ትራንዚተር፣ ጎሚስታ፣ ክሬን፣ ቦቴ፣ ተሳቢ፣ የሚከራይ መጋዘን፣ ለሠራተኛ የሚከራይ ክፍል።

ሰው በቸገረው ሰዓት የሚጠራውን ቃል ጻፉ። «ሎጂስቲክስ ሶሉሽን» ብሎ የሚጮህ ረዳት የለም። ጎሚስታ ነው የሚለው። ቃሉን ከቦታ ጋር አጣምሩት። ቦታውም ሰው በአጭሩ የሚጠራው ይሁን፤ «ድሬ» ከ«ድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር» ይሻላል።

ደረጃ 2፦ አምስት ሰው ፈትኑ

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። እኔ ለሙከራ «ድሬ ጎሚስታ ዶት ኮም» የሚለውን ወሰድኩ። መልካ ጀብዱ ላይ አምስት ሰዎችን፣ አንድ በአንድ፣ ስሙን በአፌ ብቻ ነግሬ ስልካቸው ላይ እንዲጽፉት ለመንኩ። ፊደል አልነገርኩም።

የባጃጁ ሹፌር ልክ ጻፈው። ባለ ሱቋ እትዬ በሁለቱ ቃላት መሃል ክፍት ቦታ ተዉ፤ ስልኩ ወደ ፍለጋ ወሰዳቸው። «ልጄ፣ የኔ ስልክ እንዲህ ነው የሚለው» አሉኝና አሳዩኝ። አንዱ ተማሪ ኤምን ደገመው። ሌላዋ ደግሞ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል ጻፈች። አምስተኛው፣ ትራንዚት ቢሮ የሚሠራ ወጣት፣ ድሬ የሚለውን «አር»ንም «ኢ»ንም እየደገመ ጻፈው።

የመጨረሻው አልተሳሳተም። በኦሮምኛ ቁቤ ድሬ እንዲያ ነው የሚጻፈው። መልካ የሚለውም የኦሮምኛ ቃል ነው፤ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በአማርኛ የተማረ ሰው መልካን ሲጽፍ ከኤም ቀጥሎ «ኢ»ን ያስቀምጣል፤ በቁቤ የተማረ «ኤ»ን ያስቀምጣል፣ መጨረሻ ላይም ይደግመዋል። ከተማችን ሦስት አራት ቋንቋ በአንድ ሻይ ቤት የሚነገርባት ናት። እንግዲህ «መልካ ጀብዱ» የሚል ዶሜይን የሚገዛ ሰው አንድ ስም ገዛሁ ብሎ ቢያስብ፣ ከሚመጣለት እንግዳ ከፊሉን በር ላይ እየመለሰ ነው።

ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ዓይነት ካልጻፉት ስሙን ጣሉት። ሦስቱ ከተስማሙ ግን ሌሎቹ የጻፉትንም አብራችሁ ግዙና ወደ ዋናው እንዲመሩ አድርጉ። የእኔ ስም በዚህ ሚዛን ወደቀ። ጎሚስታን ትቼ ሌላ ቃል ለመፈለግ ተገደድኩ።

በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ ዶሜይን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ልቤ ይወደዋል። ችግሩ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ፀሐይን በሁለቱ ጸዎችና በሦስቱ ሀዎች ብቻ ስድስት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ስድስቱን እንደ ስድስት የተለያዩ ስሞች ነው የሚያያቸው። ሞክሼ የሌለበት ቃል ካገኛችሁ ግን ሞክሩት።

ደረጃ 3፦ የሰው ስም አትንኩ

የባንክን፣ የቴሌብርን፣ የታወቀ ፋብሪካን ስም አንድ ፊደል አጉድሎ መመዝገብ ብልህነት የሚመስለው አለ። ስርቆት ነው። ገንዘቡን ሊያንቀሳቅስ የመጣን ሰው ማሳሳት ነው። በሕግም ያስጠይቃል፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፣ ምልክቶቹንም የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በዶት ኮም ላይ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ዓለም አቀፍ የክርክር ደንብ አለ። ባለ ምልክቱ 1,500 ዶላር ከፍሎ ለዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ያመለክታል። ስሙ ከምልክቱ ጋር እንደሚያምታታ፣ እናንተ መብት እንደሌላችሁ፣ በመጥፎ ልብ እንደመዘገባችሁት ካሳየ ይወስደዋል። ጎሚስታ፣ መጋዘን፣ ክሬን የሚሉት ግን የሁሉም ቃላት ናቸው።

ደረጃ 4፦ በራሳችሁ ስም አስመዝግቡ

ዶት ኮም በዓመት በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው በቀጥታ ይገዛል፤ የሌለው በብር ከሚሸጡ የአገር ውስጥ አቅራቢዎች ይገዛል። ዶት ኢቲ ያለው በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው። ሁለቱንም መያዝ ጥሩ ነው፤ አንዱን ብቻ ከሆነ ግን ዶት ኮምን እመርጣለሁ፣ ሰው ሳያስብ የሚጨምረው እሱን ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በብር ከሚሸጥ አንድ ሰው ስም ገዛሁ። ደረሰኝ ሰጠኝ፣ ገጹም ተከፈተ። ዓመቱ ሲደርስ ላድስ ብል ስሙ የተመዘገበው በእሱ ኢሜይልና በእሱ አካውንት ሆኖ ተገኘ። ስልኩ አይነሳም። ስሙ ሄደ፤ ግድግዳ ላይ ያስጻፍኩት ቀለም ቀረ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ አካውንቱ በማን ኢሜይል ነው? የይለፍ ቃሉ እጄ ይገባል? ስሙን ወደ ሌላ መዝጋቢ የማዛውርበትን የማስተላለፊያ ኮድ ስጠይቅ ይሰጠኛል? አንዱ ላይ ካመነታ ተነሥታችሁ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ አንድ ገጽ፣ አንድ ስልክ ቁጥር

ባዶ ገጽ ላይ የሰው ማስታወቂያ አትለጥፉ። ስሙን ጽፎ የመጣው ሰው ለምሳሌ ጎሚስታ ፈልጎ ከሆነ ጎሚስታ ስጡት። ሲነካ የሚደውል ትልቅ ቁጥር፣ የቦታው ምልክት፣ የሥራ ሰዓት፣ የቴሌግራም አድራሻ ይበቃል። ዳታው ሊያልቅበት የደረሰ ስልክ ላይ በቶሎ እንዲከፈት ከባድ ፎቶና ቪዲዮ አትጫኑበት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አንድ አንድ መስመር ጨምሩበት።

ቀጥሎ ስሙን ወደ መንገድ አውጡት። እኛ ዘንድ ሰው ከመሬት ተነሥቶ ስም አይገምትም፤ ያየውን ይጽፋል። የባጃጅ ጀርባ፣ የተሳቢ ሸራ፣ የሻይ ቤት ግድግዳ፣ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ያለ አጥር። ፊደሉ ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ቁጠሩ

ነፃ የመቁጠሪያ መሣሪያ ግጠሙ። «ቀጥታ» ብሎ የሚያሳየውን ሁሉ ግን እንደ ሰው አትቁጠሩት፤ በየሰዓቱ የሚዞሩ ማሽኖችም፣ ከቴሌግራም የመጡትም ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ይደባለቃሉ። ከኢትዮጵያ የመጣውን፣ በስልክ የመጣውን፣ ከሁሉም በላይ የስልክ ቁጥሩን የነካውን ለዩ። በወር 90 ሰው ገብቶ 20 ከደወለ፣ 5,000 ማሽን ከገባበት ስም ይበልጣል። ሦስት ወር ሙሉ መዝግቡ። ለደንበኛ የምታሳዩት ወረቀት ይህ ነው።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡ

ሦስት መንገድ አለ፤ እኔ የማምነው በመጀመሪያው ነው፣ በኪራይ። አንድ ጎሚስታ ወይም አንድ ትራንዚተር ዘንድ ሄዳችሁ «ሰዎች እየደወሉ ነው፤ ለአንድ ወር በነፃ ወደ እርስዎ ስልክ ላዙርልዎ» በሉት። ወሩን ይይ። ደንበኛ ከመጣለት በየወሩ ይከፍላል፤ ካልመጣለት አይክፈል። ለስሙ የምታወጡት በወር አንድ ዶላር አካባቢ ስለሆነ ኪራዩን ማስወደድ አያስፈልግም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፦ ስሙ የማን እንደሆነ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ሲቋረጥ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ። ሥራው ሲሰፋ የንግድ ፈቃድና ግብር አለ፤ ቀድማችሁ ተዘጋጁ።

ሁለተኛው በደንበኛ ቁጥር መከፈል ነው። ስንት ሰው እንደመጣ ስትከራከሩ ወዳጅነት ያልቃል።

ሦስተኛው መሸጥ ነው። ገዢው ሩቅ ከሆነ ገንዘቡን በመሃል የሚይዝ አገልግሎት ተጠቀሙ፤ የማስተላለፊያ ኮድን ከገንዘብ በፊት አትስጡ። አዲስ የተመዘገበ ዶት ኮም በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት በአብዛኛው ወደ ሌላ መዝጋቢ እንደማይዛወርም ለገዢው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ደረጃ 8፦ የማደሻው ቀን

ዶት ኮም ቀኑ ካለፈ በኋላ እንደ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን የማደሻ እፎይታ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ለ30 ቀን በቅጣት ብቻ የሚመለስበት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ 5 ቀን ማንም የማይነካው ሆኖ ይቆይና ለቀደመ ይለቀቃል። ግድግዳ ላይ የተጻፈና ሰው የለመደው ስም ከሆነ የሚጠብቁት አሉ፤ በሰከንድ ውስጥ ይወስዱታል። እናንተ ያስለመዳችሁት እንግዳ ከዚያ በኋላ የእነሱ ነው።

መዝጋቢው የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሱቃችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው በእኛ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፣ አንድ ወር ቀደም አድርጋችሁ ክበቡት። ስሙን የተከራየው ጎሚስታም ጎማ ከሚሞላበት መጭመቂያ በላይ፣ ዘይት በማይደርስበት ቦታ፣ ያንኑ ቀን ጽፎ ይለጥፍ።