አሮጌው ባለ ቫልቭ የጊታር አምፕሊፋየር፤ ለውራጅ ዕቃ ነጋዴዎች የሚጠቅም ትምህርት

ንግድ ዕቃን ከማወቅ ይጀምራል። የሚነግድበትን ዕቃ ጠባይ ያልመረመረ ሰው በርካሽ የገዛ መስሎት ይከስራል፤ ወይም ዋጋ ያለውን ዕቃ እንደ ቁርጥራጭ ብረት በሚዛን ይሸጣል። ይህ ነገር ጐልቶ ከሚታይባቸው ውራጅ ዕቃዎች አንዱ ባለ ቫልቭ የጊታር ድምፅ ማጉያ ወይም አምፕሊፋየር ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ በወረታና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም ወደ ወገዳ ከመጓዙ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ቫልቭ አምፑል የሚመስል፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስተዋት ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ብረት በሙቀት ሲግል ኤሌክትሮኖች ይፈልቁበታል፤ እነዚህም ወደ ሌላው ብረት ሲፈስሱ በመካከላቸው የተዘረጋው ቀጭን ወንፊት ፍሰታቸውን ይቈጣጠራል። ከጊታሩ ክር የሚመጣው ደካማ ኤሌክትሪክ በወንፊቱ ላይ ሲያርፍ ብርቱውን ፍሰት እንደ ራሱ ያወዛውዘዋል፤ ድምፁም የሚጐላው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ቫልቭ እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 ሠራ፤ ወንፊቱን የጨመረበት ደግሞ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው። ከዚያም ሊዮ ፌንደር በ1946 በካሊፎርኒያ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ፤ በእንግሊዝም ቮክስና ማርሻል የተባሉት ዓይነቶች ተከትለው ስመ ጥር ሆኑ።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ጊታር በ1960ዎቹ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ ቀጥሎም በሆቴል ባንዶች ዘንድ ተስፋፋ። አምሃ እሸቴ በ1969 የመሠረተው አምሃ ሬከርድስም እስከ 1975 ድረስ የዚያን ዘመን ዘፈኖች በሸክላ አሳተመ። በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር እየዋለ እያደረ ቫልቭን ከራዲዮ አስወጣው፤ ከጊታር አምፕሊፋየር ግን ፈጽሞ አላስወጣውም። ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ድምፁ በድንገት አይሰባበርም፤ ቀስ እያለ ይወፍራል፤ ጊታር ተጫዋቾችም ይህንኑ ይወዳሉ። ስለዚህ ቫልቮች ዛሬም በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ይሠራሉ፤ አሮጌውም መሣሪያ መለዋወጫ አያጣም።

ነጋዴው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ገዢው ዕቃውን ለምን ሥራ እንደሚፈልገው ነው። የጊታር አምፕሊፋየር የተቀበለውን ድምፅ እንዳለ አያወጣም፤ የራሱን ቃና ይጨምርበታል። ይህ ለጊታር ውበት ነው፤ ለንግግር ግን ጉድለት ነው። ስለዚህ ለስብሰባ ወይም ለሠርግ ማይክሮፎን የሚፈልግ ሰው ይህን ቢገዛ አይረካም፤ ገንዘቡ እንዲመለስለትም ይጠይቃል። ድምፅ መቀበያ በመሰንቆው ላይ ያስገጠመ አዝማሪ ግን ሞክሮ ቃናውን ሊወደው ይችላል፤ እርሱም ቢሆን በገዛ መሣሪያው ሳይሞክር አይግዛ።

ሁለተኛው ጥያቄ የኤሌክትሪኩ ኃይል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አሮጌ አምፕሊፋየር ግን የሚሠራው በ110 እስከ 120 ቮልት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በቀጥታ ሶኬት ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ከጀርባው የተጻፈው ቍጥር መነበብ አለበት፤ 110 ወይም 117 የሚል ከሆነ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የትራንስፎርመሩ አቅም የሚለካውም አምፕሊፋየሩ ከመስመር በሚስበው ኃይል እንጂ በሚያወጣው ድምፅ አይደለም። 30 ዋት ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ከ100 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ የቀረው ኃይል ሙቀት ይሆናልና።

ሦስተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ከ300 እስከ 450 ቮልት የሚደርስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ኃይል ይገኛል። ኮንደንሰር የተባለው ክፍል ይህን ኃይል ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይዞ ይቈያል፤ ስለዚህ ሥራውን ያልተማረ ሰው ክዳኑን ከፍቶ እጁን አያግባ። ብዙዎቹ አሮጌ የአሜሪካ ዕቃዎች ገመዳቸው ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው፣ የመሬት ሽቦ የሌለው ነው። ከውስጥ ብልሽት ቢደርስ ኤሌክትሪኩ በጊታሩ ክር አልፎ ተጫዋቹን ሊገድለው ይችላል። የመሬት ሽቦ ሳይገጠምለት እንዲህ ያለውን ዕቃ መሸጥ በሰው ሕይወት መነገድ ነው። ደግሞም ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለ መሣሪያውን መክፈት ውዱን የድምፅ ትራንስፎርመር ያቃጥላል።

በመጨረሻ ዋጋውን በተመለከተ፣ ገዢው የሚፈልገው የጥንቱን ትራንስፎርመር፣ የጥንቱን ስፒከርና የጥንቱን ሣጥን ነው። ስለዚህ ሣጥኑን ቀለም ቀብቶ አዲስ ማስመሰል ዋጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ቫልቭና ኮንደንሰር ግን በዕድሜ የሚያልቁ ስለሆኑ መለወጣቸው ነውር አይደለም። በመስተዋቱ ላይ የተጻፈው ስምም ልብ ይባል፤ አሜሪካኖች 12 ኤ.ኤክስ. 7 የሚሉት አውሮጳውያን ኢ.ሲ.ሲ. 83 ከሚሉት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያላወቀ ነጋዴ በእጁ ያለውን መለዋወጫ ሲፈልግ ይኖራል።

እንዲህ ያለው ዕቃ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል። ወገዳ ከደረሰ በኋላ ተቃጥሎ ቢገኝ ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ የሚከፈለው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ ብልህ ነጋዴ ዕቃውን የሚያስመረምረውና በባለሙያ እጅ የሚያስሞክረው መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ነው።