እግር ሲሠራ አእምሮም ይሠራል

“ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል ውስጥ ይገኛል” የሚለውን መፈክር ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ይሁን እንጂ የምናያይዘው ከወጣት ጋር ብቻ ነው። ስፖርት የተማሪና የኳስ ተጫዋች ጉዳይ ይመስለናል። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አባት “ከእንግዲህ አርፌ ልቀመጥ” ሲሉ እኛ ልጆቻቸው “ደግ ብለዋል፣ ይቀመጡ” እንላለን። ለመሆኑ ይኼ መቀመጥ ለአእምሮ ይበጃል ወይ?

በመጀመሪያ የአንጎልን ጠባይ እንመልከት። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ኦክሲጅኑን የሚያደርሰው ደም፣ ደሙን የሚገፋው ደግሞ ልብ ነው። የአካል እንቅስቃሴ ልብን ያጠነክራል፤ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ለመቆጣጠር ይረዳል። እነዚህ በሽታዎች በጊዜ ካልተያዙ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚጎዱ የማሰብ ችሎታም አብሮ ይደክማል።

ይህ በጥናትም ተፈትኗል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ 124 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፈለ። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 75 ነበር። አንደኛው ቡድን በእግሩ ሲጓዝ ሁለተኛው ሰውነቱን ብቻ ያፍታታ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ተጓዦቹ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሐሳብን በማዛወርና የሚያዘናጋ ነገርን በመተው በልጠው ተገኙ።

በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት 120 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ተጓዦቹ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን እስከ 40 ደቂቃ ይራመዱ ነበር። ለማስታወስ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በእነሱ ላይ በ2 በመቶ ያህል ሲያድግ፣ ሰውነታቸውን ብቻ ባፍታቱት ላይ በ1.4 በመቶ ያህል ቀነሰ። በማስታወስ ፈተናው ግን ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ እንጂ ተጓዦቹ አልበለጡም።

ስለዚህ ነገሩን ማጋነን አይገባንም። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት ከ70 እስከ 89 ዓመት የሆናቸውን 1,635 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ እንቅስቃሴ በሠሩትና ባልሠሩት መካከል በጠቅላላው የአእምሮ ልዩነት አላገኘም። ልብ እንበል፤ ሁለተኛው ቡድን እቤቱ የተቀመጠ ሳይሆን የጤና ትምህርት የሚከታተል ነበር። እንግዲህ እርምጃ የመርሳት በሽታ መድኃኒት ነው ብለን አናስተምርም። ለአንጎል ከሚበጁት ነገሮች አንዱ ነው ብንል ግን እውነት ነው።

ምን ያህል ይበቃል? የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ማለት ነው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ይጨመርበታል። ለምሳሌ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ጡንቻ ያጠነክራል። እርምጃው እያወሩ የሚሄዱት፣ ዘፈን ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ዓይነት ይሁን። ጀማሪ በ10 ደቂቃ ይነሣ። የልብ ሕመም ወይም ማዞር ያለበት አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክር።

እኛ እጩ መምህራን ነገ በየቀበሌው ስንመደብ ጎልማሶችንም እናስተምር ይሆናል። ፊደል የሚቆጥሩ እናቶችና አባቶች ከሁለት ሰዓት በላይ አግዳሚ ላይ እንዳይቀመጡ በመሐል አስነሥተን እናንቀሳቅሳቸው። በየቤታችንም ከአረጋውያን እጅ ሥራ አንንጠቅ። “እማማ፣ ይቀመጡ፣ እኔ ገበያ ሄጄ አመጣልዎታለሁ” ማለት አክብሮት ነው። “እማማ፣ ይነሡ፣ አብረን እንሂድ” ማለትም አክብሮት ነው፤ ለእሳቸው የሚበጀው ግን ሁለተኛው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በአካባቢያችሁ አረጋውያን ሳይከብዳቸው ሊሠሩት የሚችሉት እንቅስቃሴ የትኛው ነው?
2. የጎልማሶች ትምህርትንና የአካል እንቅስቃሴን በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዴት ታዋሕዳላችሁ?