ጓዳ የሌለው ቤት

«ይድረስ ለእትዬ፤

ዕድሜዬ 31 ነው። ባለትዳርና የአንድ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው ጀሞ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ችግሬ ለሰው ሲያወሩት ያስቃል፤ ትዳሬን ግን እያናጋው ነው። ቤታችን በዕቃ ታፍኗል።

ስንጋባ እናቴ የራሷን ቡፌ ሰጠችኝ። በደረጃው አላልፍ ብሎ አራት ወዛደሮች በገመድ ጎትተው በበረንዳ ነው ያስገቡት። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሙሉ ይዞታል። ውስጡ ያሉት ሲኒዎችና ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ብርጭቆዎች የሚወጡት ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው። ጤፉ መኝታ ቤት በማዳበሪያ ቆሟል። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ስምንት ጀሪካን ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል፤ ሌሊት እየተደናቀፍን ነው ሽንት ቤት የምንሄደው። አልጋው ሥር የአክስቴ ልጅ ቤይሩት ስትሄድ ‹ለጊዜው› ብላ የተወቻቸው ሁለት ሻንጣዎች አሉ፤ ፍራሿም ከበሩ ኋላ ቆሟል። ከሄደች አምስት ዓመት አለፋት። በረንዳው ላይ ደግሞ ባለቤቴ የሸጠው መኪና ስኮርታ ጎማና የተበላሸ ስታብላይዘር አለ።

እሱ ‹የምኖረው መጋዘን ውስጥ ነው› እያለ አምሽቶ መግባት ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ቡፌውን ለሽያጭ ሊያወጣ ፎቶ ሲያነሳ ደረስኩበትና ተጣላን። እሱ ሁሉንም ሸጠን እንገላገል ይላል፤ እኔ ትልቅ ቁም ሣጥን እናሠራ እላለሁ። ሰው ሲመጣብኝ አፍራለሁ። ማናችን ነን ትክክል?

ግራ የገባኝ፣ ከጀሞ»

ልጄ፣

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ እርሳስ አንስቼ ቤትሽን ወረቀት ላይ ሳልኩት። ቡፌው እዚህ፣ ጤፉ እዚያ፣ ጀሪካኑ ኮሪደር ላይ። ሥዕሉን ሳየው ነገሩ ቁልጭ አለልኝ። በዓመት ሁለቴ የሚነካው ዕቃ የቤቱን ምርጥ ግድግዳ ይዞ ተንፈላስሷል፤ በየቀኑ የምትነኪው ሁሉ ወለል ላይ ወድቋል። እናንተ ቤት የጠፋው ጓዳ ነው።

እናትሽ ያደገችበትን ቤት እስቲ ጠይቂያት። እህሉ በጎታ፣ እንስራው ጥግ ይዞ፣ ቅቤውና በርበሬው ከመጋረጃ ወዲያ፣ ቶሎ የማይፈለገው ደግሞ ቆጥ ላይ ነበር። እንግዳ የሚያየው የቤቱ እመቤት እንዲታይ የፈቀደችውን ብቻ ነው። ለኛ ኮንዶሚኒየም ሲሠራልን ሳሎን ተሰጠን፣ መኝታ ቤት ተሰጠን፣ ምጣድ ሲጣድበት ሰው የማይዞርበት ወጥ ቤትም ተሰጠን። በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ቤት እንኳ ከታች ታስቦልናል። ኩንታሉ የት ይቀመጥ ብሎ የጠየቀ ግን ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሰው ሲመጣ የምታፍሪው ዝርክርክ ስለሆንሽ አይደለም፤ ገመናሽ ሳሎን ወጥቶብሽ ነው።

ማናችን ትክክል ላልሽው፣ ሁለታችሁም አልሆናችሁም። ባልሽ «ሁሉንም ሸጠን» ሲል ጀሪካኑንም ይጨምራል? ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ስምንት ጀሪካን ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ጤፍ ዋጋው ሳይንር በኩንታል መግዛትም እንደዚሁ። አንቺ ያሰብሽው ቁም ሣጥን ደግሞ የቀረችውን አንዲት ግድግዳ ይበላና በስድስት ወሩ እሱም ይሞላል።

ከከባዱ ልጀምር፤ ከአደራው። አደራ በላ ላለመባል አምስት ዓመት በላዩ ተኝተሽበታል። ደግ ነሽ፣ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ይሁንና የአክስትሽ ልጅ የምትኖረው በሰው ቤት ከሆነ፣ እነዚያ ሁለት ሻንጣዎች አዲስ አበባ ውስጥ «ቤቴ» የምትለው ብቸኛ ነገር እንደሆኑ አስቢ። «ዕቃሽን አንሺልኝ» ብትያት ከአገሯ ያስወጣሻት ያህል ይሰማታል። ስለዚህ በዕረፍቷ ቀን በቪዲዮ ደውዪላት። በደንብ ከተጫወታችሁ በኋላ ሻንጣውን እያየች ክፈቺው። አንድ በአንድ እያነሳሽ ጠይቂያት፤ ይህን ለእናትሽ ልላከው? ይህቺን ጫማ ለእህትሽ? አምስት ዓመት ሙሉ የናፈቀችውን ቀሚስ ስታይ ልታለቅስ ትችላለች፤ ጊዜ ስጫት። የቀረው አንድ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈሽ፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪላት። ስለ ፍራሹ እውነቱን ንገሪያት። አምስት ዓመት የቆመ ስፖንጅ ጎብጧል፤ ተመልሳ ብትመጣም አትተኛበትም። ፈቃዷን ካገኘሽ በማግስቱ ከቤት ይውጣ።

አሁን ወደ ቡፌው። በገመድ የገባ ዕቃ በገመድ ነው የሚወጣው፤ ባልሽ የወዛደሩን ሒሳብ አስቦት ይሆን? እኔ ቡፌው ይቆይ፣ ግን ሥራ ይያዝ እላለሁ። ከኋላው ገብተሽ ተመልከቺ፤ ብዙዎቹ የድሮ ቡፌዎች በብሎን የተያያዙ ሁለት አካል ናቸው፣ ባለ መስታወቱ ከላይ፣ ባለ መዝጊያው ከታች። የታችኛውን ክፍል ባዶ አድርጊው፤ ከዛሬ ጀምሮ ጓዳሽ እሱ ነው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ምስሩ፣ ስኳሩ ክዳናቸው ጥብቅ በሆነ ዕቃ ተደርገው እዚያ ይግቡ። መዝጊያው ሲዘጋ እንግዳሽ የሚያየው ቡፌ ብቻ ነው። ከላይኛው ክፍል ስድስት ሲኒና ስድስት ብርጭቆ አውጪና በየቀኑ ጠጡባቸው፤ አሁን የምትጠቀሙባቸውን ለሌላ ስጪ። መጀመሪያ ግን ለእናትሽ ደውዪ። በፋሲካ መጥታ ሽሮውን ቡፌዋ ውስጥ በድንገት እንዳታገኘው።

«ይሰበሩብኛል» እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔ ሰርግ ላይ የተሰጠኝን አሥራ ሁለት ሰሃን 20 ዓመት ሳልበላበት አስቀምጬ፣ ቤት ስቀይር ስድስቱ ካርቶን ውስጥ ተሰበሩ። የተረፉት ላይ አሁን ጎመን እበላለሁ።

አንድ ነገር ሳትውዪ ሳታድሪ አድርጊ፤ ቡፌውን ከግድግዳው ጋር አሳስሪው። የሦስት ዓመት ልጅ መሳቢያ ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣጣል፤ ዕቃው በላዩ ሊወድቅ ይችላል። የሚያስረው ሰው ግድግዳውን አንኳክቶ ይለይ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር አይጨብጥም፤ ክፍል መለያው አግሮስቶን ከሆነ ደግሞ ከባድ ዕቃ አትመኚበት፤ ኮለኑን ወይም ቢሙን ፈልጉ። ግድግዳ ላይ ስለሚንጠለጠል ከባድ መደርደሪያም የምልሽ ይህንኑ ነው።

ፍራሹ ከሄደ መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ጥግ ተከፍቶልሻል። ቁም ሣጥኑን ተዪውና ሰፈርሽ ካለው ብየዳ ቤት ወለል ላይ የሚቆም የብረት መደርደሪያ እስከ ጣራው ድረስ አሠሪ። ጥልቀቱ ከ40 ሳንቲም አይለፍ፤ ከዚያ ከጠለቀ ከኋላ ያለው ዕቃ ይረሳል፣ ተረስቶም እንደገና ይገዛል። ከፊቱ መጋረጃ ጣዪበት። ከላይ ብርድ ልብስና የአደራው ሻንጣ (ቆጥሽ ነው)፣ ከመሃል ልብስና የልጁ ዕቃ፣ ከታች ጤፉ። ይህም እንደ ቡፌው ይታሰር።

ጤፉን ለሁለት ግማሽ ኩንታል ክፈይው፤ 100 ኪሎ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ ብቻሽን አታንቀሳቅሺውም፣ ከሥሩም አትጠርጊም። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጪው፤ ሣንቃ ይደረግለት፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይራቅ። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ ካገኘ ሳይፈጭ ዓመታት ይቆያል። ዱቄት እንዲህ አይደለም። የወር የወሩን ብቻ አስፈጪ። ሽሮንም ሙቀት ያበላሸዋል። አንዴ የዐቢይ ጾም ሽሮዬን በሙሉ ለብ ከሚለው ፍሪጄ አናት ላይ አስቀምጬ፣ በሁለተኛው ወር ክዳኑን ስከፍት ሽሮው ራሱ ይራመድ ነበር። የቀለም ባልዲ ታጥቦ ለእህል ይሆናል የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ፤ ለልብስ መንከሪያ ይሁንሽ።

ስለ ጀሪካኑ። ስምንት ሃያ ሊትር 160 ኪሎ ነው፤ ደራርበሽ አትከምሪው፣ ፀሐይም አይንካው፤ ውሃው አረንጓዴ ያበቅላል። የጀሪካኑን ቁመት ለኪና አራት ጣት ጨምረሽ፣ በዚያ ልክ አናጺ ጠባብ አግዳሚ ይሥራልሽ። ኮሪደሩ ጠባብ ከሆነ አግዳሚው ሳሎን ገብቶ በግድግዳው ልክ ይቁም። ጀሪካኖቹ ከሥሩ በአንድ ረድፍ ይገባሉ፣ ከላዩ ስስ ፍራሽ ታነጥፊና እንግዳ ይቀመጥበታል። አዲስ የተቀዳው በስተቀኝ ይግባ፣ ለመጠቀም ከግራ ይነሳ፤ ያን ጊዜ ወር ያደረ ውሃ አይኖርም።

በረኪናሽን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተሽ ከሆነ ይህን ጋዜጣ አስቀምጪና ተነሺ። ልጅ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ከፍ ያለ ቦታ፣ በራሱ ዕቃ። ሲሊንደርም ካለሽ ቆሞ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ እንጂ አልጋ ሥር አይግባ።

ያረጀ ልብስ ስትለዪ ልዋጭ ሲጠራ እሰማለሁ ብለሽ አትጠብቂ። ልዋጩ ሦስት ጃኬት ወስዶ ሁለት ሳፋ ይሰጥሻል፤ ሳፋው የት ሊቀመጥ ነው? ለሰው ስጪው።

ባልሽ ደግሞ ይህን መልስ ያንብበው። ጌታዬ፣ ቤቱ መጋዘን ነው ካልክ በረንዳው ላይ ያለው የተሸጠ መኪና ጎማ የማን ነው? የሚስትህን ቡፌ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ስኮርታውን ጎሚስታ ውሰደው፤ ስታብላይዘሩንም ወይ አሠራው ወይ ለቆራሌው ስጠው። እኔም «ይሠራል» እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ያቆየሁት ቴሌቪዥን ስለነበረኝ አልፈርድብህም።

ልጄ፣ ሁሉን በአንድ ቅዳሜ ልጨርስ አትበዪ። ከኮሪደሩ ጀምሪ፤ ባልሽ ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደናቅፈው እሱ ነው። መንገዱ ከተጠረገለት በኋላም የሚያመሽ ከሆነ ነገሩ ከዕቃ ያለፈ ነውና ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።