ኮንዶሚኒየም በሒሳብ ትምህርት

ዴም ያሉ ብዙ ወላጆቻችን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ ይልካሉ። ስሌቱን እንመልከት። በ20/80 ፕሮግራም ተመዝጋቢው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይቆጥባል፤ 80 በመቶው ብድር ነው። ለምሳሌ ቤቱ 200,000 ብር ቢሆን፣ ቁጠባው 40,000፣ ዕዳው 160,000 ብር ይሆናል፤ ወለዱ ሳይቆጠር።

ይሁን እንጂ ቁጠባው ቢሞላም ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው እስከ 2015 ዓ.ም. የጠበቁ አሉ። 18 ዓመት ማለት በተመዘገቡበት ዓመት የተወለደ ልጅ 12ኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ወረፋ እንጂ ገና ቤት አይደለም። ቁጠባው እንዳይቋረጥ፣ የምዝገባ ወረቀቱና የባንክ ደብተሩም እንዳይጠፉ ቤተሰብ ሁሉ ይጠንቀቅ እንላለን።