የአባይ በረሃ ቁልቁለትና የፍሬን ሸራ

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጭነቱን ጨምሮ 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 294 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። የመኪናው ፍጥነት እንዳይጨምር ከተፈለገ ይህ ጉልበት ወደ ሌላ መልክ መለወጥ አለበት። አየሩና ጎማው የሚወስዱትን ድርሻ ለጊዜው እንተወውና ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ይወርዳል እንበል። ያን ጊዜ በታምቡሮቹና በሸራዎቹ መካከል የሚፈጠረው ሙቀት 880 ሊትር ገደማ ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወለደው የት ነው? «ሸራው ከታምቡሩ ጋር በተነካካበት ገጽ» ብለን ብንመልስ አልተሳሳትንም፤ ነገር ግን «መነካካት» የሚለው ቃል ራሱ ማብራሪያ ይሻል።

ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሁለት ነገሮችን አቀረበ። የሰበቃ ኃይል ከጫናው ጋር በቀጥታ ይጨምራል፤ በተነካካው ገጽ ስፋት ግን አይወሰንም። ሁለተኛው ለብዙ ዘመን ግራ ሲያጋባ ኖሯል። ሰፊ ገጽ ይበልጥ መያዝ አይገባውም ነበርን? በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ባውደንና ቴቦር የሰጡት መልስ እንደሚከተለው ነው። እጅግ የለሰለሰ ብረት እንኳ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው። ሁለት ገጾች ሲደራረቡ የሚነካኩት በተራሮቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ጫፎቹም ጫናውን መሸከም እስኪችሉ ድረስ ይጨፈለቃሉ።

በቁጥር እንየው። መሠረቱ 20 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ 20 ኪሎግራም የብረት ሣጥን በብረት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጫናው 200 ኒውተን ገደማ ነው። የብረቱን ጥንካሬ በካሬ ሜትር 2 ቢሊዮን ኒውተን ብንወስድ በእርግጥ የተነካካው ስፋት 0.1 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ለዓይን ከሚታየው ገጽ አራት መቶ ሺህኛው ነው! ሣጥኑን በጠባብ ጎኑ ብናቆመው ጫናው ያው ስለሆነ እውነተኛው የንክኪ ስፋትም ያው ነው። ክብደቱን እጥፍ ብናደርገው ግን ስፋቱም ሰበቃውም እጥፍ ይሆናል።

ወደ መኪናችን እንመለስ። የፍሬኑ ሙቀት የሚፈልቀው ከእነዚህ ጥቃቅን ነጥቦች ስለሆነ ነጥቦቹ ከታምቡሩ አማካይ ሙቀት እጅግ የላቀ ግለት ያገኛሉ። ሸራው ልዩ ልዩ ቅንጣቶች በሙጫ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ግለቱ ሲበረታ ሙጫው መፍረስና ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል፤ የሰበቃው መጠንም ያሽቆለቁላል። ታምቡሩም በሙቀት ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሾፌሩ መርገጫውን አጥብቆ ቢጫንም መኪናው አይያዝም። ብዙዎች ይህን «ፍሬን በጠሰ» ይሉታል፤ የተበጠሰ ነገር ግን ላይኖር ይችላል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ከባድ ማርሽ የሚያስገቡት ስለዚህ ነው፤ ሞተሩ አየር እየሳበና እያመቀ ከጉልበቱ ከፊሉን ይቀበላል፤ ሙቀቱም በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል።

የሸራው መበላት ከዚሁ የንክኪ ነጥብ የሚመነጭ ነው። አርቻርድ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳሳየው ተበልቶ የሚወጣው ይዘት ከጫናውና ከተጓዘው ርቀት ጋር ያድጋል፤ በጥንካሬ ይቀንሳል። (መበላት ሁልጊዜ ገጽን አያሻክርም፤ በቤታችን ያለው የወፍጮ ድንጋይ እየለሰለሰ ሄዶ መፍጨት ሲሳነው የሚወቀረው ለዚህ ነው።)

ከሁሉ የከፋው ስንጥቅ ነው። የታምቡሩ ውስጠኛ ገጽ ግሎ ሊሰፋ ሲል ቀዝቃዛው የውጭ ክፍል ይይዘዋል፤ ታምቆም ይጨፈለቃል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይወጠራል። ይህ ሲደጋገም ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ይታያሉ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት በመስታወት እንዳረጋገጠው፣ ተሰባሪ ነገር የሚችለው ውጥረት ከስንጥቁ ርዝመት ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ስንጥቁ አራት እጥፍ ሲረዝም አቅሙ በግማሽ ይወርዳል። በቅርጽ የፈሰሰ የብረት ታምቡርም ከተሰባሪዎቹ ወገን ይመደባል። ታምቡሩ ወልቆ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን፣ ገበያ ላይ ገንቦ የሚገዛ ሰው አንኳኩቶ እንደሚለየው፣ የታፈነ ድምፅ ያሰማል።