ቀዩ መድኃኒትና የልብ ሒሳብ

ከፒያሳችን ብዙም በማይርቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል። ከደባርቅም ከዳባትም ሰው ለዚሁ ይመጣል። ስለ ኬሞ ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን የፀጉር መርገፍና ማስመለስ ነው። ፀጉሩስ ተመልሶ ይበቅላል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን በዓይን ስለማይታየው ጉዳት፣ ስለ ልብ ነው።

ለመሆኑ የትኛው መድኃኒት ነው?

ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ቀለሙ ቀይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጣልያን አገር ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን፣ አድሪያማይሲን የሚለው የንግድ ስሙም የመጣው ከአድሪያቲክ ባሕር ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ለሚታየው የጡት ካንሰር ዛሬም ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው። የካንሰር ሴል እንዳይራባ ያደርጋል። ችግሩ የልብ ጡንቻ ሴሎችንም መጉዳቱ ነው። እነዚህ ደግሞ አንዴ ከሞቱ የሚተካቸው የለም ማለት ይቻላል።

ልብ አይረሳም

ዋናው ነገር ድምሩ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት ይወጣል፤ ጉዳቱ ግን ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ ሲሰላ ድምሩ 400 ሚሊግራም ሲደርስ ከ100 ታካሚ 5ቱ ገደማ ልባቸው ይደክማል። 550 ሲሞላ 26፣ 700 ሲሞላ 48 ይደርሳሉ። ለጡት ካንሰር በተለመደው አሰጣጥ 60 ሚሊግራም 4 ጊዜ ይሰጣል፤ ድምሩ 240 ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ልባቸው ሳይደክም ይድናሉ። ቀድሞ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን የበለጠ ይሰጋል። በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የልብ በሽታ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ይህን ቀላል ነገር አድርገን ማየት የለብንም።

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ሕክምናዋን ጎንደር ጨርሳ ደባርቅ ተመለሰች። ከወራት በኋላ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት፣ እግሯ ያብጥ ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ኬሞ መውሰዷን ካልተናገረች የሳንባ ሕመም ነው ሊባል ይችላል። ጊዜው ደግሞ ወሳኝ ነው። ሚላኖ ከተማ 2,625 ታካሚዎችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ የልብ ጉዳት ከታየባቸው 98 በመቶው ሕክምናው ባለቀ በመጀመሪያው ዓመት እንደታወቀ ገልጿል። በቶሎ የልብ መድኃኒት ከጀመሩት ውስጥም አብዛኞቹ ተሻሽለዋል። ጉዳቱ የሚታወቀው ደግሞ ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው።

ከዓመታት በኋላ ካንሰሩ ቢያገረሽና አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብትላክስ? ሐኪሙ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ከዚህ በፊት ስንት እንደወሰደች ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ሒሳቡም ጠፋ ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

ታካሚ ሆነ አስታማሚ የመድኃኒቱን ስም፣ ጠቅላላ መጠኑንና የመጨረሻውን ቀን በወረቀት አጽፎ ይያዝ። ወረቀቱን እንደ ይዞታ ደብተር ጠብቆ ያስቀምጥ። ትንፋሽ ካጠረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያማክር።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? «ኬሞ ልብ ይገድላል» ብለን ብንጽፍ ጋዜጣው ይሸጥ ይሆናል። ፈርታ ሕክምናዋን ያቋረጠችውን እናት የሚገድላት ግን ካንሰሩ ነው። ቁጥሩን ከነትርጉሙ ማቅረብ የእኛ ድርሻ ነው።

ቸር ይግጠመን!